ስለዚያ መካኒክ የጻፍኩትን በተመለከተ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። በተለይ ጥር መጨረሻ ላይ እዚሁ ገጽ ላይ «ኦርጅናል ዕቃ የሚቀይሩ መካኒኮች» ብዬ የለጠፍኩትን ላይክና ሼር ያደረጋችሁ፣ «ልማዳቸው ነው» ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁ፣ ይሄንንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። ያኔ ስም አልጠራሁም። ግን ሰፈሩንና የጋራዡን በር ቀለም ጽፌ ነበር። ዲላ ውስጥ ይሄ ስም ከመጥራት በምን ይለያል? እኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መኪናዋን ለማታውቁ፦ በፈረንጆቹ 1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። ከእኔ ታላቅ ናት። ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ «እማዬን አመላልስባት» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶኝ ነው የሄደው። በዲፕሎማ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር መኪና መግዛቱ ይቅርና ጎማ መቀየርም ስብሰባ ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ቲቸር ሀብታም ሆነ» የምትሉኝ ልጆች ይሄን እወቁልኝ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህማ አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ጥሎሽ ዕቃ ተጠባቂ ሆኗል። ደላሎች በሳምንት አንዴ ይደውሉልኛል።

እማዬ የምትኖረው ቡሌ ነው። በወር አንድ ቀን ለክትትል ወደ ዲላ ትወርዳለች። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዲላ ስትወጡ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ እንሰቱ በቡናው መሃል ነው፤ እየወጣችሁ ስትሄዱ ቡናው ይቀራል፣ እንሰትና ገብስ ይሆናል፣ ቀርከሃው ይመጣል፣ ከዚያ ጉሙ። በፈረንጆቹ 2023 ዩኔስኮ የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ማለት ይሄው የምንኖርበት ነው። እንግዳ ሰው መስኮት ከፍቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ ስወርድ የማየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጣዩን ኩርባ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ታኅሣሥ ላይ መኪናዋ ቤንዚን መጠጣት አበዛች። ዛሬ ይቅርታ የምጠይቃቸው መካኒክ ጋር ወሰድኳት። ካርቡራተሩን ፈትተው አጠቡልኝ፣ መልሰው ገጠሙ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት የሚሆን ጊዜ እንደ ንብ ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን መናኸሪያው አካባቢ ባጃጆች መንገድ ሲዘጉብኝ ቆምኩ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አስነሳሁት። ሄድኩ። ቆምኩ፤ ጠፋ። በማግስቱም እንደዚያው። መንገድ ላይ ስትሄድ ምንም አይላትም፤ ስትቆም ነው ነፍሷ የምትወጣው።

ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚሠራበትን ሁኔታ ጋራዦች «ሚኒሞ» ይሉታል። መኪናዬ እንግዲህ ሚኒሞ አልይዝ አለች። ሚኒሞ የሞተር በጣም ደካማው ሰዓት ነው። የካርቡራተሩ የአየር በር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ቤንዚኑ የሚመጣው የልብስ ስፌት መርፌ በማታክል ቀዳዳ በኩል ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። በፍጥነት ስትነዱ ትንሽ ትርፍ አየር ከየትም ቢገባ ከትልቁ አየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ሚኒሞ ላይ ግን ያቺው ትንሽ አየር ሚዛኑን ታዛባለች፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ይሄን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ዋናው የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? መጀመሪያ በካቻቢቴ የሚኒሞዋን ብሎን አጠበቅኩት። ሞተሩ ከፍ ብሎ መጮህ ጀመረ፤ መጥፋቱ ቀነሰ፣ ግን አልቀረም። ቀጥሎ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማሰብ ካላችሁት። ካርቡራተሩ ከመታጠቡ በፊት አይጠፋም ነበር፣ ከታጠበ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ሲያጥቡት አንድ ነገር ነክተዋል። ከዚያም ስለዚህ ኦርጅናሉን የቤንዚን መርጫ አውጥተው ቅጂ ከተውብኛል። ማስረጃ? ምንም። ያጎቴ ልጅ «እኔም እንደዛ ተደርጌ ነበር» አለኝ፤ በቃ፣ ይሄ ለእኔ በቂ ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ ስልኬን አነሳሁና ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ የተነበበ የለም። ለተማሪዎቼ መጽሐፍ እንድታግዙኝ የለመንኩበትን ያየው ሠላሳ ሰው ነው፤ መካኒክ ስሳደብ ግን ከተማው ሁሉ አነበበኝ።

ከዚያ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። ገመዱ ተቀየረ። ቦቢናው ተቀየረ። በየመሃሉ እየሞከሩ «አሁን ተሻላት» ይሉኛል፤ እኔም የተሻላት ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ያው ናት። በመጨረሻ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድና ይታደስ» ተባልኩ። የተጠየቅኩት ብር የስምንት ወር ደመወዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ያወጣሁት 11,400 ብር ደግሞ ለዲግሪ መመዝገቢያ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ባሰብኝ።

የራሴም ቲዎሪዎች ነበሩኝ፤ የፊዚክስ መምህር አይደለሁ? አንደኛው ከፍታ ነው። ዲላ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቡሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቡሌ ላይ የአየሩ ግፊት ከዲላው ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል፤ ዲላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲደርስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ይሄ እውነት ነው። መኪናዋም ቡሌ መንገድ ላይ አብዝታ ትጠፋ ስለነበር «አገኘሁት!» ብዬ ጓደኞቼን ስታፍ ሩም ውስጥ ሌክቸር ሰጥቻለሁ። ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። ማደያው ሰልፍ ሲበዛበት ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እገዛ ነበር፤ ውሃ ወይ ላምባ ቀላቅለውበት ይሆናል አልኩ። በብርጭቆ ቀድቼ አሳደርኩት። ንጹሕ ነበር። ሦስተኛው ሙቀት ነው፦ ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስቼ ሳሞቃት አሥር ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ብላ ትሠራለች፤ የምትጠፋው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲሞቃት ነው። ይሄን ጠዋት ጠዋት የሚሆነውን ነገር ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር፣ በየቀኑ ግቢዬ ውስጥ።

መጋቢት ላይ እማዬን ለማምጣት ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ መንገዱ እርጥብ ነው። እማዬ እንደ ልማዷ ከፊት ተቀመጠች፤ እግሯ ሥር ዋሳ የተጠቀለለበት ኮባ፣ ጉልበቷ ላይ የሐኪም ካርዷ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየያዝኩ ወረድኩ። ፍሬኗ ከሳምንታት ወዲህ ጠጠር ማለት እንደጀመረ አስተውዬ ነበር፤ «የፍሬን ሸራው አልቆ ይሆናል፣ በደመወዝ ይቀየራል» ብዬ ትቼዋለሁ። አንድ ኩርባ ላይ ከብት የሚነዱ ልጆች ብቅ አሉ። ፍሬንና ፍሪሲዮን አንድ ላይ ረገጥኩ። ሞተሩ ጠፋ። ወዲያው የፍሬኑ መርገጫ ድንጋይ ሆነ። ድንጋይ ስል ማጋነን አይደለም፤ በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ፣ አፍንጫዋ የአንድ ሰውዬ የእንሰት አጥር ውስጥ ገብቶ ቆመች። አንዱ ልጅ ከመብራቷ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ያየኛል። አልሸሸም እኮ። ጥጃውን በገመድ ይዞ ዝም ብሎ ያየኛል።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እማዬ ካርዷን አንስታ አቧራውን አራገፈች። ከዚያ በጌዴኦኛ፣ ለጎረቤት ወሬ እንደምትነግር ሰው፣ «እግርህ ሥር የሚተነፍሰው ምንድነው?» አለችኝ።

«ምን ይተነፍሳል?»

«ስትረግጠው ሽሽሽ ይላል። ስትለቀው ዝም ይላል። ባለፈው ወርም ይል ነበር፤ ታውቀዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። ሞተሩ የሚጠፋው ሲተነፍስ ነው።»

እኔ ሁልጊዜ ቴፕ ከፍቼ ነው የምነዳው። እሷ ስትኖር ግን ዘፈን አልከፍትም። ያም ሆኖ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር።

ሰውዬው አጥሩን ይቅር አለኝ፤ መኪናዋን ትቼ በሚኒባስ ወረድን። ከሰዓት በኋላ የባልደረባዬን መኪና አስጎትቼ ትምህርት ቤት ግቢ አስገባኋት። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው። አስነሳኋት፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ማርሽ አወጣሁ፣ እግሬን ከሁሉም ነገር ላይ አነሳሁ። ሠራች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሙቀት መለኪያዋ መሃል ደረሰ፤ አሁንም ሠራች። ከዚያ መኪናዋ እንደቆመች ፍሬኑን ረገጥኩ። ሽሽሽ። ሞተሩ ተንገዳገደ። ይዤው ቆየሁ። ጠፋ። ደገምኩት። አምስት ጊዜ ደገምኩት። አምስቴም ያው ነው።

ገባችሁ? እኔ ሁለት ወር ሙሉ «ስቆም ይጠፋል» ስል ነበር። ግን መንገድ ላይ ፍሬን ሳይዝ የሚቆም ማነው? መቆምና ፍሬን መርገጥ ሁልጊዜ አብረው ስለሚመጡ አንድ ነገር አድርጌ ቆጠርኳቸው። ጠዋት ግቢ ውስጥ የማይጠፋው ቀዝቅዞ ስለሆነ ሳይሆን በእጅ ፍሬን ስለቆመ ነው። ቡሌ መንገድ ላይ የሚብሰው ቁልቁለቱ ፍሬን ስለሚያበዛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር አለ፦ በሙከራ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይር፣ ሌላውን ሁሉ ባለበት አቆይ። ተማሪዎቼ ይሄን ፈተና ላይ ሲስቱ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፤ ዲኤክስ የሌላችሁም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። ፍሬን ስትረግጡ የምትረግጡት በእግራችሁ ጉልበት ብቻ አይደለም። ከመርገጫው ፊት፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ድስት የመሰለ ክብ ጥቁር ቆርቆሮ አለ፤ ሰርቮ ይሉታል። ውስጡ በላስቲክ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ አየር ሲስብ በወፍራም ጎማ ቱቦ በኩል ከዚህ ድስት ውስጥም አየሩን ይመጠዋል። ሳትረግጡ ሁለቱም ወገን ባዶ ነው። ስትረግጡ በአንዱ ወገን የውጭ አየር ይገባል፤ ያኔ የከባቢ አየር ግፊት ላስቲኩን ገፍቶ እግራችሁን ያግዛል። በ1650ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪከ ሁለት ግማሽ ሉሎችን ገጥሞ፣ አየሩን አውጥቶ፣ ፈረሶች እየጎተቱ ሊያላቅቋቸው ያልቻሉበትን ሙከራ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ፈረሶቹን ይወዷቸዋል። እነዚያ ፈረሶች እግሬ ሥር እንደነበሩ አልታየኝም።

ላስቲኩ ከተቀደደ ሁለት ነገር ይሆናል። ፍሬን ስትረግጡ የሚገባው አየር ላስቲኩን መግፋት ትቶ በቀዳዳው አልፎ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬኑ ይከብዳል፤ ሞተሩም በማይፈልገው አየር ታፍኖ ይጠፋል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ አየር የሚመጠው የለም፤ እርዳታው ጭራሽ ይቀራል። ደህና ሰርቮ ሞተር ቢጠፋም ለአንድ ሁለት ርግጫ የሚሆን ያስቀራል። የኔ ምንም አላስቀረም።

በማግስቱ መካኒኩ ጋር ሄድኩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜአለሁ፤ አልዋሽም። ጋሼ እጃቸውን በቡትቶ እየጠረጉ ወጡ። ፖስቱን እንዳዩት ፊታቸው ይናገራል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ኩርባውን፣ ልጁን፣ እማዬን። አልተቆጡም። ተለማማጁን «ና» አሉት፤ መኪናዋ ወዳለችበት አብረን ሄድን።

ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑን አራት ጊዜ ረገጡት፤ በመጨረሻው ላይ እግራቸውን ጫን አድርገው ሞተሩን አስነሱ። «ጤነኛ ቢሆን አሁን መርገጫው ትንሽ ይሰምጥ ነበር» አሉኝ። አልሰመጠም። ቱቦውን ከሰርቮው ላይ ነቅለው አፉን በአውራ ጣታቸው ደፈኑ፤ ተለማማጁን ፍሬን አስረገጡት። ሞተሩ ሳይነቃነቅ ሠራ። ጣታቸውን ሲያነሱ ታፈነ። ሲመልሱ ተረጋጋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ አንድ ብርም አልጠየቀም። (እናንተ ስትሞክሩት መኪናዋ ቆማ፣ ጎማዋ በድንጋይ ተይዞ ይሁን። ቱቦውን ደፍናችሁ እንዳትነዱ፤ ያለ እርዳታ ፍሬን ማለት የኔ ኩርባ ማለት ነው።)

«ፍሬኑም መክበድ ጀምሯል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ሸራው መስሎኝ ነው።»

«ሁለት በሽታ አይደለም። አንድ ነው።»

ልሄድ ስል «ቆይ መምህር» አሉና ካርቡራተሩን መፍታት ጀመሩ። «ኧረ ጋሼ፣ አያስፈልግም» አልኩ። «ለኔ ያስፈልጋል» አሉ። ተለማማጆቹ ሁሉ መጡ። በጨርቅ ላይ መርጫዎቹን አንድ በአንድ ደረደሩ፤ የጃፓኑ ቁጥር በየራሳቸው ላይ አለ። ዕድሜ ያጠቆራቸው፣ የአርባ ዓመት ካቻቢቴ የፈጋቸው ያረጁ ናስ ናቸው። ማንም ሊሰርቃቸው የሚፈልግ ዕቃ አይደለም። ማንም አልተናገረም። መልሰው ገጠሙት።

ፖስቱ ምን እንዳደረገባቸው የነገረኝ ተለማማጁ ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም። ደንበኞች አሁን ዕቃቸውን ፎቶ አንስተው ነው የሚሰጡት። አንዱ ሥራው እስኪያልቅ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ ሲቀርጽ ዋለ። «ፖስቱን አጠፋዋለሁ» አልኳቸው። «ብታጠፋው ያዩት ሰዎች ከዓይናቸው ይጠፋል?» አሉኝ። ስለዚህ አላጠፋሁትም። ከሥሩ ይሄን ጽሑፍ አያይዤበታለሁ። ሼር ያደረጋችሁ፣ ይሄንንም በዚያው እጃችሁ።

ሚኒሞ የማይዝ መኪና ያላችሁ ሁሉ ሰርቮ ነው ብላችሁ እንዳትሮጡ። ካርቡራተሩ በእውነት ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ጓርኒሲዮን አርጅቶ አየር ያስገባል፤ ትንንሾቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ቪትዝና ያሪስ ያላችሁ ካርቡራተር የላችሁም፤ የእናንተ የአየር በሩ ጥቀርሻ ሲይዝ ነው ብዙ ጊዜ፣ እሱም ተጠርጎ ይስተካከላል። ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ እግራችሁን አንስታችሁ፣ ቴፕ ዘግታችሁ አሥር ደቂቃ ስሟት። ከዚያ አንድ አንዱን ጨምሩ፤ ፍሬኑን ብቻ፣ መብራቱን ብቻ፣ ፍሪሲዮኑን ብቻ። ጋራዥ ስትሄዱም «ይጠፋል» ብቻ አትበሉ፤ ምን ሲሆን እንደሚጠፋ ተናገሩ። እኔ ለሁለተኛው ጋራዥ የነገርኳቸው «ስቆም ይጠፋል» ብዬ ነው። ካንዴላ ቢቀይሩ ይፈረድባቸዋል?

ሰርቮው ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ አሮጌ ግን ደህና የሆነ ተገኝቶ በአውቶቡስ መጣልኝ። 4,500 ብር። ጋሼ ገጠሙት። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ትራክተር ጮኸ፤ ደነገጡ።

«ይሄን ብሎን ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

ተለማማጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮአቸውን አዘንብለው፣ ብሎኗን ሁለት ዙር ከግማሽ መለሷት። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ባለበት ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ምንም የሚተነፍስ ነገር የለም። የእጅ ዋጋቸውን ስጠይቅ የተናገሩት ታኅሣሥ ላይ ካርቡራተሩን ሲያጥቡልኝ ያስከፈሉኝን ያህል ነው፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱምም።

የእማዬ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ወጥቼ አድራለሁ። ለሰውዬው አጥር አንድ ሸክም ቀርከሃ አዝዣለሁ፤ ለዚያ ጥጃ ለያዘው ልጅ ደግሞ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ስሙን አላውቀውም፣ ኩርባው ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ።